የአሮጌ የጭነት መኪና ጭስ ምን ይናገራል?

(በየካ ኮረብታዎች ላይ ለሚኖሩ ገበሬዎች ከንባብ ትምህርት በኋላ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጭስ ነው። የመኪና ጭስ ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ ከምድጃው እንነሣለን። ምክንያቱም ስለ ጭስ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ ፊደል እንድናስተምር ተመድበን የመጣን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ስንመደብ እሳት ማንደድ ትችላላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። በመጀመሪያው ሳምንት እርጥብ ባሕር ዛፍ ለኩሰን ቤቱን በጭስ ሞላነው። ዓይናችን እያለቀሰ ወደ ደጅ ስንወጣ ያየን ሁሉ ሳቀብን። አንዲት እናት ግን ወደ ቤቱ ሳይገቡ፣ በመንገዱ ላይ እንደ ቆሙ፣ «እንጨቱ እርጥብ ነው። ደግሞም አፍናችሁታል» አሉን። ምድጃውን አላዩም። ያዩት በጣራው የሚወጣውን ጭስ ብቻ ነው።

የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። ሞተሩን ሳይፈቱ፣ አንድ ብሎን እንኳ ሳይነኩ፣ ከጭሱ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። ከመካከላችን አንዱ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነው። ሌላው ደግሞ አባቱ ሾፌር ስለሆኑ ያደገው በጋራዥ ነው። የምንነግራችሁ ከእነዚህ ከሁለቱ ያገኘነውንና ባለፈው ዓመት በዓይናችን ያየነውን ነው።

ይህን ንግግር ያስነሣው የእናንተው ጉዳይ ነው። ማኅበራችሁ አጣና ሸጦ ያጠራቀመውን ገንዘብ አሮጌ የጭነት መኪና ሊገዛበት ነው ሲባል ሰማን። መልካም ሐሳብ ነው። ድንቹና ገብሱ በአህያ ሾላ ገበያ እስኪደርስ ቀኑ ያልቃል፤ ዋጋውም በነጋዴው አፍ ይቆረጣል። አዲስ መኪና እንዳትገዙ ዋጋው አይቀመስም። ከውጭ የሚመጣውም አሮጌ ቢሆን በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ታክሱን ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ የቀራችሁ አገር ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረው መኪና ነው። ታድያ ገንዘቡ የብዙ ሰው ላብ ነው። ሞተሩ የሞተ መኪና ከገዛችሁ ላቡ በአንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ።

ከእንጦጦ ጀርባ የሚኖሩ ገበሬዎች አምና እንደ እናንተው ገንዘብ አዋጡ። መኪናውን አይተው እንዲገዙ አምስት ሰዎች መረጡ። ሦስቱ ወንዶች፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ከእኛም ሁለታችንን አስከትለው ወደ ኮተቤ ወረዱ። እዚያ አንድ ደላላ ነጭ አይሱዙ አሳየን። ቀለሙ ያበራል። ወንበሩ አዲስ ልብስ ለብሷል። እኛ ስንደርስ ሞተሩ ቀድሞ ተነሥቶ ይሠራ ነበር። ደላላው «ይኼ ሞተር ገና ምን አየና!» አለ።

ከኋላ ግን ቀጭን ጭስ ይወጣል። መልኩ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ምንድን ነው ብለን ጠየቅን። «እሱማ የከፍታው ነው። አዲስ አበባ ላይ የማያጨስ የናፍጣ መኪና የት አለ?» ብሎ መለሰ። ይህ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። ኋላ እንደምታዩት ከፍታ በእርግጥ ያስጨሳል። ነገር ግን ከፍታ የሚያመጣው ጭስ ጥቁር እንጂ ሰማያዊ አይደለም።

«ነገ ጠዋት እንመለሳለን። እኛ ሳንደርስ ሞተሩን አታስነሣው» አልነው። እሺ አለ። በማግስቱ በማለዳ ደረስን። መኪናው ዝም ብሎ ቆሟል። «ይኸው! ከትናንት ወዲህ ማንም አልነካውም» አለ ደላላው። ከመጡት እናቶች አንዷ ምንም አልተናገሩም። ወደ መኪናው ፊት ሄደው መዳፋቸውን ወደ ራዲያተሩ አስጠጉ። ትንሽ ቆዩና ወደ እኛ ዞረው፦

«በዚህ ምጣድ ዛሬ እንጀራ ተጋግሯል» አሉ።

እውነትም ሞተሩ ትኩስ ነበር። ሳንደርስ አስነሥቶ፣ አሙቆ፣ አጥፍቶታል። ለምን ይሆን? ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው። ሌሊቱን ዘይት እየተንጠባጠበ ወደ እሳቱ ቤት ይገባል። ጠዋት ሲነሣ ያ ዘይት ተቃጥሎ ይወጣል። ደግሞም ያረጀ ሞተር በብርድ ለመነሣት ያስቸግራል። ከሞቀ በኋላ ግን ብረቱ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ጭሱም ይሳሳል። ስለዚህ ሞተሩን ሳይሞቅ ያላየ ገዢ ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

እስኪበርድ ድረስ እንጠብቃለን ብለን ተቀመጥን። ደላላው ተቆጣ። ሌላ ገዢ አለኝ አለ። ቆይቶ ደግሞ ቡና ጋበዘን። ሦስት ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ሞተሩ እንዲነሣ ሆነ። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተነሣና ግቢውን በሰማያዊ ጭስ ሞላው። አጠገቡ የነበሩ ዶሮዎች ሸሹ። ያን መኪና አልገዛነውም።

አሁን ሞተሩ ውስጥ ምን እንደሚደረግ እንይ። አለዚያ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ነጭ እያልን ብንቆጥር ቃሉ ብቻ ነው የሚቀርላችሁ።

የናፍጣ ሞተር ክብሪት የለውም። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ አለው፤ ካንዴላው እየበለጨ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። የናፍጣው ግን እሳቱን የሚያገኘው አየር በመጨመቅ ነው። የብስክሌት ጎማ ነፍታችሁ የምታውቁ ከሆነ የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ታስታውሳላችሁ። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። ሲሊንደሩን እንደ ሙቀጫ፣ ፒስተኑን እንደ ዘነዘና አስቡት። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ አየሩን ከ16 እጅ ወደ አንድ እጅ፣ በአንዳንዱም ሞተር ከዚያ በላይ ይጨምቀዋል። አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በዚያ ቅጽበት ናፍጣው እንደ ጉም ደቅቆ ይረጫል፤ ወዲያው ይቀጣጠላል። ይህን የፈለሰፈው ሩዶልፍ ዲዝል የሚባል ጀርመናዊ ነው። ሞተሩ በሚገባ የሠራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ነበር፤ ከዐድዋ ድል በኋላ በዓመቱ ማለት ነው። ስለዚህ ዲዝል ስንል የሰው ስም እየጠራን ነው።

ዘነዘናው ከሙቀጫው ጋር ክፍተት እንዳይኖረው በፒስተኑ ዙሪያ እንደ ቀለበት ያሉ ብረቶች ይታሰራሉ። መካኒኮች ፋሻ ይሏቸዋል። ፒስተኑ የሚመላለስበት የብረት እጅጌም ካሚቻ ይባላል። ሁለቱም ከጣሊያን የመጡ ቃላት ናቸው። በእኛ አገር የመኪና ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፖምፓ ስትሉ ጣሊያንኛ እየተናገራችሁ ነው። ፋሻው ሲበላ፣ ወይም ካሚቻው ሲሰፋ፣ ከሥር ያለው ዘይት ወደ እሳቱ ቤት ይወጣል። ዘይት ሲቃጠል ደግሞ ጭሱ ሰማያዊ ነው። በጋለ ምጣድ ላይ ዘይት ጠብ ሲል የሚወጣውን ጭስ አስታውሱ፤ መልኩም ሽታውም ያው ነው።

ያን ዕለት ኮተቤ ላይ ሁለት ነገር አድርገን ነበር። እናንተም ልታደርጉት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ነጭ ወረቀት በጭስ ማውጫው ፊት ለጥቂት ጊዜ ያዝን፤ እጃችንን ግን ራቅ አድርገን ነው። ወረቀቱ ደረቅ ጥቀርሻ ብቻ ከያዘ ነገሩ የናፍጣና የአየር ነው። ቅባት ያለው ነጠብጣብ ካረፈበት ዘይት ነው። የእኛው ወረቀት የቅቤ መጠቅለያ መሰለ። ሁለተኛ፣ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ ሳለ ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ፈትተን፣ ገልብጠን፣ በቀዳዳው ላይ አስቀመጥነው። ደኅና ሞተር ከሆነ ክዳኑ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ አይነሣም። የእኛው ግን ዘሎ መሬት ወደቀ። ይህም ማለት ወደ ታች መውረድ የማይገባው የእሳት ግፊት በፒስተኑ ጎን እያመለጠ ነው።

ይሁን እንጂ ሰማያዊ ጭስ ባያችሁ ቁጥር ሞተሩ ሞቷል አትበሉ። ዘይት ከልክ በላይ ከተሞላም ሰማያዊ ያጨሳል። ስለዚህ በቅድሚያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፤ ሞተሩን አጥፍታችሁ ጥቂት ጠብቁ፤ ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ካለፈ ይቀነስ። ቱርቦ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቱርቦው ራሱ ዘይት አሳልፎ ሊያስጨስ ይችላል፤ ያን መጠገን ሙሉውን ሞተር ከማውረድ ይቀላል። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስም አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው። ዳገት ላይ፣ ጭነት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የማያቋርጥ ከሆነ ግን ፋሻና ካሚቻ ማለት ነው።

አንድ ተንኮል እናስጠንቅቃችሁ። አንዳንድ ሻጭ ጭሱን ለመደበቅ በጣም ወፍራም ዘይት ይሞላል። ወፍራም ዘይት በቶሎ ወደ ላይ ስለማይወጣ ለጥቂት ቀን ጭሱን ይቀንሰዋል። እናንተ አሁን ቁጥር ታነባላችሁ። በዘይቱ ጣሳ ላይ «15 ደብሊዩ 40» የሚል ዓይነት ጽሑፍ አለ። የኋለኛው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ሲሞቅም ወፍራም ነው። በግቢው ውስጥ ባዶ ጣሳ ወድቆ ካያችሁ አንሥታችሁ አንብቡት፤ አፍራችሁ አትለፉት።

ወደ ጥቁሩ ጭስ እንምጣ። የእኛ አገር ትልቁ ጣጣ እሱ ነው።

የኩራዝ ክር ሲረዝም ምን ይሆናል? ነበልባሉ ይከፋል፤ ጥቁር ጭስ እያወጣ ግድግዳውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ክሩ የሚስበው ጋዝ በዝቷል፤ አየሩ አልበቃውም። ክሩን ዝቅ ስታደርጉት ጭሱ ይጠፋል። የመኪናም ጥቁር ጭስ ይኸው ነው። ናፍጣው በዛ፣ ወይም አየሩ አነሰ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አየር ደግሞ በእኛ ተራራ ላይ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። ደላላው «የከፍታው ነው» ያለው ይህን ነው። ብዙው ጭነት ከጅቡቲ ወደብ ይመጣል፤ ጅቡቲ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ናት። ሞተሩ እዚያ በአንድ ትንፋሽ 100 እጅ አየር ይስባል ብንል፣ ከባሕር በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለችው አዲስ አበባ ሲደርስ የሚስበው ወደ 75 እጅ ነው። 3000 ሜትር በሚያልፈው በእንጦጦ አናት ደግሞ ወደ 70 እጅ ይወርዳል። ሜዳ አገር የመጣ ሰው ዳገታችንን ሲወጣ እንደሚያለከልከው መኪናውም ያለከልካል። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም። በቆላ የተለካለትን ናፍጣ እዚህም ያንኑ ያፈስሳል። ናፍጣው እንደ ቀድሞው፣ አየሩ ግን በሩብ ያነሰ ሆነ ማለት ነው። የሚተርፈው ናፍጣ ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ መኪኖች በዚህ በጣም ይቸገራሉ። በ1952 እ.ኤ.አ. መሠራት የጀመረው ፊያት 682 በዚህ አገር መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን ያገለገለ ጠንካራ መኪና ነበር። እሱም ቱርቦ አልነበረውም፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሳያወጣ ያለፈበት ቀን ያለ አይመስለንም።

ስለዚህ በእንጦጦ ዳገት ጭነት ይዞ የሚወጣ አሮጌ መኪና ትንሽ ቢጠቁር አትደንግጡ። ጥያቄው ምን ያህል የሚለው ነው።

ከእንጦጦ ጀርባ ያሉት ገበሬዎች ነጩን አይሱዙ ትተው ከሁለት ወር በኋላ ሌላ አገኙ። ቀለሙ የላሸቀ፣ በሩ በሽቦ የታሰረ ነበር። ሞተሩ ግን ሳይሞቅ አንዴ ሲነካ ተነሣ። ክዳኑም በቀዳዳው ላይ አልዘለለም። ገዙት። መኪናው ድንችና ገብስ ይዞ ይወርዳል፤ ማዳበሪያና ቆርቆሮ ይዞ ይወጣል። በስድስተኛው ወር ግን ዳገቱን ሲወጣ ጥቁር ጭስ መትፋት ጀመረ። የሚቀንስም አልሆነ። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው እስኪያልፍ ፊታቸውን ወደ ገደሉ ያዞሩ ጀመር። ትራፊክ ፖሊስም አንድ ቀን አስቆመው።

ወደ አንድ መካኒክ ወሰዱት። መካኒኩ ኮፋኖውን ከፍቶ አየና፣ ምንም ሳይፈታ፣ «ሞተሩ ይውረድ። ፋሻና ካሚቻ ይቀየር» አለ። የጠየቀው ገንዘብ የማኅበሩን የዓመት ገቢ የሚጨርስ ነበር። አባላቱ ተሰብስበው ተከራከሩ። መኪናውን እንሽጠው የሚል ተነሣ። ያገኘነውን ለምን አናሠራበትም የሚልም ነበር። በመጨረሻ እኛን አስጠሩን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንንገራችሁ። መኪናው በተገዛ ዕለት ከእኛ ዘንድ ፊደል ለተማረች አንዲት ወጣት ደብተር ተሰጥቷት ነበር። ቀኑን፣ መኪናው የሄደውን ኪሎሜትር፣ የተቀዳውን ናፍጣ፣ የተጨመረውን ዘይትና ውሃ እንድትጽፍ ነው። ጽሑፏ ገና ይንጋደዳል። «ናፍጣ»ን በመጀመሪያ ገጾች ላይ «ናፍታ» እያለች ነው የጻፈችው፤ ሁለቱም ስለሚባል አላረምናትም። ደብተሩን ገለጥን። በስድስት ወር ውስጥ፣ ዘይት ከተቀየረበት ቀን ውጭ፣ የተጨመረው ዘይት ሁለት ሊትር አልሞላም። ውሃው ጭራሽ አልጎደለም። የናፍጣው ቁጥር ግን እያደገ መጥቷል፤ በፊት በ40 ሊትር ይደረስበት የነበረው መንገድ አሁን ወደ 50 ሊትር ይፈልጋል።

ታድያ ይህ ምን ይላል? ፋሻው ተበልቶ ቢሆን ሞተሩ ዘይት ይበላ ነበር። አልበላም። ጥቁር ጭስ አለ፣ ናፍጣ በዝቷል፣ ዘይት አልጎደለም። ነገሩ የናፍጣና የአየር ነው እንጂ የፋሻ አይደለም። መካኒኩ ተሳስቷል። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እግዜር ይወቀው፤ እኛ አናውቅም።

ከሁሉ በፊት ርካሹን ነገር እንይ ብለን የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈታን። የማጣሪያው ወረቀት አይታይም ነበር። አቧራና የገብስ ገለባ ተጋግሮበት እንደ ጭቃ ግድግዳ ሆኗል። ሞተሩ ስድስት ወር ሙሉ በነጠላ ተሸፋፍኖ ሲተነፍስ የኖረ ያህል ነው። ከእጃችን ጋር ቀስ አድርገን እያጋጨን አራገፍነውና መልሰን አስገባነው። ወዲያው ጭሱ በግማሽ ቀነሰ። በማግስቱ አዲስ ተገዛ።

የወረቀት ማጣሪያን በውሃ አታጥቡት። በነፋስ መንፊያ የምታጸዱት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉት፤ ከውጭ ከነፋችሁት አቧራውን ወደ ውስጥ መቅበር ነው። በጣም አሮጌ የሆኑት መኪኖች ግን ማጣሪያቸው ከሥሩ ዘይት የያዘ ነው። እሱ በናፍጣ ይታጠባል፤ ዘይቱም ተቀይሮ እስከ ምልክቱ ይሞላል። ማጣሪያውን ጭራሽ አውጥተው ጥለው «አሁን በደንብ ተነፈሰ» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ለአንድ ወር ልክ ይመስላሉ። አቧራው ግን እንደ ወፍጮ ድንጋይ ካሚቻውን እየፈጨ ነው፤ ያን ጊዜ ሰማያዊው ጭስ በእውነት ይመጣል።

የቀረው ግማሽ ጭስ ከሁለት ነገር ነበር። አንዱ ኖዝል ናፍጣውን አድቅቆ መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥብ ነበር። የተንጠባጠበ ናፍጣ በደንብ አይቃጠልም። የትኛው እንደሆነ ለመለየት፣ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ በየተራ ላላ ማድረግ ነው። ደኅናው ሲላላ ሞተሩ ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይለወጣል። ሕመምተኛው ሲላላ ግን ድምፁ ብዙም አይለወጥም፤ ጭሱ ብቻ ይቀንሳል። ይህ ግን የመካኒክ ሥራ ነው። በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው ናፍጣ በኃይል ስለሚወጣ ቆዳ ይበሳል፤ እጃችሁን አታስጠጉ። በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዳዲስ መኪኖች ላይማ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሁለተኛው ነገር ፖምፓው ነው። የቀድሞው ባለቤት መኪናው ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ በእርሳስ የታሸገውን ብሎን ፈትቶ ናፍጣውን አብዝቶታል። ይህ በብዙ አሮጌ መኪና ላይ የሚሠራ ስሕተት ነው። አየር ሳይጨመር ናፍጣ ብቻ ቢጨመር ጉልበት አይገኝም፤ ጥቀርሻ ነው የሚገኘው። ፖምፓ የሚለኩ ባለሙያዎች ዘንድ ወስደን ለከፍታው እንደሚስማማ አስለካነው። ሾፌሩ መጀመሪያ መኪናው ደከመብኝ ብሎ አጉረመረመ። ኋላ ግን ማርሹን ቀደም ብሎ መቀነስ ተማረ። ቀድሞ በከባድ ማርሽ እንደያዘ እግሩን እስከ መጨረሻ ይጫን ነበር፤ እሱም ጭስ ከሚያመጡት አንዱ ነው።

ነጩን ጭስ በአጭሩ እንለፈው። የእንጦጦ ማለዳ ብርድ ነው። ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ ነጭ ቢያጨስ፣ ሲሞቅም ቢጠፋ፣ ደኅና ነው። ዓይን የሚያቃጥል፣ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸት ነጭ ጭስ ሞተሩ ሞቆም ካልጠፋ ናፍጣው ሳይቃጠል እየወጣ ነው። ሽታ የሌለው፣ እንደ ድስት እንፋሎት ወዲያው በአየር የሚጠፋ ከሆነ፣ የራዲያተሩም ውሃ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ፣ ውሃ ወደ እሳቱ ቤት እየገባ ነው። የዘይት መለኪያውን ስታዩት ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ሞተሩን አጥፉ፤ መካኒክ እስኪያየው አታንቀሳቅሱት።

ስለ ውሃ ካነሣን ዘንድ፦ ውሃ ጅቡቲ ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እንጦጦ አናት ላይ ግን በ90 ዲግሪ ገደማ። እዚህ ባቄላ ቶሎ የማይበስለው ለዚህ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጠብቆ ካልያዘ የመኪናው ውሃም ቀድሞ ይፈላል። በፈላ ጊዜ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ያጣል። እስኪበርድ ጠብቁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት «ጭሱ ይጨስ፤ መኪናው እስከ ሄደ ድረስ ምን ቸገረን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ጥቁሩ ጭስ ከፍላችሁበት ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ ነው፤ ደብተሩ ላይ ያለው የ10 ሊትር ልዩነት እሱ ነው። ሁለተኛ፣ በ2004 ዓ.ም የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ወስኗል። ልጆች በመኪናው ኋላ እየተንጠላጠሉ ሲሮጡ እናያለን። አፋቸው የሚሆነው በጭስ ማውጫው ልክ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ማንኛውም ሞተር እንዳይነሣ። ጭሱ ባይታይም እንኳ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲያድር ሰው እንደሚገድለው ይገድላል። ሦስተኛም አለ፤ በየዓመቱ ለቦሎ ሲመረመር ጭሱ ይታያል።

የእንጦጦዎቹ መኪና አሁንም ዳገቱ ላይ ትንሽ ይጠቁራል። ያ አይጠፋም፤ ተራራውን ዝቅ ማድረግ አይቻልምና። በሩ አሁንም በሽቦ የታሰረ ነው። ደብተሩ ግን ሁለተኛው ላይ ደርሷል።

የፊታችን ቅዳሜ ድንች ጭኖ ወደ ሾላ ሲወርድ በዚህ በኩል ያልፋል። ሾፌሩ ሌሊቱን እዚህ አድሮ ጠዋት ሞተሩን በፊታችሁ እንዲያስነሣ ተነጋግረናል። በአሥራ ሁለት ሰዓት እንገናኝ። ቤቱ ነጭ ወረቀት ያለው ሰው ይዞ ይምጣ።